ለወንድምሽ የሠራሁለት በር የሌለው ቤት

ለውዷ እህቴ ለእታለም፤

እንደምን ከረምሽልኝ? ጤናሽ፣ ጉልበትሽ፣ ያ ብርድ በመጣ ቁጥር የሚነሳብሽ ሳል እንዴት ሆነልሽ? ባለቤትሽስ ወገቡ ተሻለው ወይስ ዛሬም ከወንበር ሲነሳ ቤት የሚፈርስ እስኪመስል ያቃስታል? ልጆቹ እንዴት ናቸው? የትልቋ የወለቀው ጥርስ በቀለላት? ትንሹ አሁንም ስልኩ ላይ ሲያየኝ ምላሱን ያወጣል? ያወጣል ካልሽኝ አክስቱን መምሰሉን አልተወም ማለት ነው። እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ብዕሬን ካነሳሁ በኋላ ግን ውሸት መስሎ ተሰማኝ። እማዬ ደህና ናት። ድመቷም ደህና ናት። የቁልፍ መቅረጫው ማሽን እንኳ ቀበቶው ተለውጦለት እንደ ጎረምሳ ይጮኻል። ደህና ያልሆንኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ቂም ይዤ አንጀቴ አሯል።

ባለፈው በስልክ አሮጌውን የኮምፒውተር ጨዋታ ልላክልሽ ወይስ አዲሱ ይበቃችኋል፣ ቁርጡን ንገሪኝ ስትዪኝ እጽፍልሻለሁ ብዬ የዘጋሁብሽ ንቄሽ አይደለም። ስልክ ባነሳሁ ቁጥር እማዬ ጎኔ ትቀመጣለች፣ ወንድምሽም ብረት መያዣው ሞርሳ ላይ አጎንብሶ የሚሠራ እየመሰለ ጆሮውን ያቆማል። ስለዚህ ነርሷ ጓደኛሽ ወደዚያ ስትመለስ ይህን ታደርስልኛለች። ወንድምሽ የምለውም አውቄ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ወንድሜ ብዬ ጠርቼው አላውቅም፤ ያንቺ ይሁን፣ ውሰጂው።

ነገሩን ግማሹን ታውቂዋለሽ፤ ግን ከሥሩ ካልጀመርኩ ንዴቴ አይወጣልኝም። አባባ ያንን ኮምፒውተር ለሱቁ ሥራ ብሎ ሲያመጣው አንቺ ገና በሳምንቱ ጨዋታውን ጫንሽበት። ሰው የሚሠራበት፣ ቤት የሚገነባበት፣ የሠራሽውን ሰው የምታበይበትና የምታስተኚበት ጨዋታ። አምስታችንንም ሠራሽን። አባባ ሞረዱን እንደያዘ ከኋላሽ ቆሞ አፍንጫዬ ይህን አያክልም እያለ ሲነታረክሽ፣ ቡናማውን ሸሚዝ ራሱ ሲመርጥ ዛሬም ይታየኛል። ቤቱን ስትጨርሺ በሮቹን ቆጥሮ ይህ የሌባ ማረፊያ ነው፣ ለአንድ ቤት አንድ በር ይበቃል ብሎ የቀሩትን አስነቅሎሻል። ቁልፍ ሠሪ ሆኖ በር የሚጠላ ሰው ከአባባ ሌላ አላየሁም።

ከዚያ አባባ ሞተ፤ ያ ሰውዬ ግን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። በአሮጌው ጨዋታ ሰው ካላዘዝሽው አይንቀሳቀስም። ብላ ካላልሽው አይበላም፣ ተኛ ካላልሽው ቆሞ ያንቀላፋል። እና ማንም ደንብ ሳያወጣ ደንብ ሆነ። ሱቁ ሲዘጋ ከመካከላችን አንዱ አባባን ያበላዋል፣ ፊቱን ያስታጥበዋል፣ አልጋው ላይ ያስተኛዋል። እማዬ ከጓዳ ሆና አባባን አስተኛችሁት ወይ ትላለች፤ አዎ ካልናት በኋላ ነው መብራት የሚጠፋው። አንቺም ሻንጣሽ በር ላይ ተቀምጦ፣ ታክሲው ጥሩምባውን እየነፋ፣ ተመልሰሽ ገብተሽ ያስተኛሽው አባባን ነው። እኔ ያን ጊዜ ሻንጣሽ ላይ ተቀምጬ አለቅስ ነበር።

አሁን ወደ ወንድምሽ ልምጣ። እማዬ ዓይኗ እየደከመ ሄዶ ስክሪኑ ጠበበኝ፣ አባታችሁ ጭጋግ ውስጥ ያለ ይመስለኛል ትል ጀመር። እኔ የዓይን ሐኪም ዘንድ ይዣት ሄድኩ። ወንድምሽ ደግሞ በዚያው ቀን ሊያስደስታት ተነሳ። ስንመለስ ጠረጴዛው ላይ አንሶላ የተከናነበ ነገር ቆሟል። እሱ እንደ ሙሽራ ሚዜ ደረቱን ነፍቶ አንሶላውን ገፈፈው። መስኮት የሚያክል ስክሪን ያለው አዲስ ኮምፒውተር፣ ውስጡም አዲሱ ጨዋታ። እማዬ እጇን እያማታች መረቀችው፣ ከዚያ አባባስ አለችው። እዚሁ ውስጥ ነው፣ ያው ጨዋታ ነው፣ አዲሱ ብቻ ነው አላት። ከፈተው። ሣር፣ አንድ ዛፍ፣ ባዶ መሬት። አዲስ ቤተሰብ ይፍጠሩ የሚል ጽሑፍ። እማዬ መነጽሯን ዓይኗ ላይ አድርጋ መነጽሬን አምጡልኝ አለች።

አሮጌው የት አለ ስለው ጠዋት ቆራሌ መጥቶ ነበር፣ ሰጠሁት አለኝ። እስከ ቆራሌው ግቢ ድረስ በነጠላ ጫማ ሮጥኩ። ደርሰውበታል፤ ለመዳቡ ሲሉ ሆዱን ዘርግፈው ሰባብረውታል። ያገኘሁት አንቺ የለጠፍሽበት የቁልፍ ሥዕል ያለበትን ክዳን ብቻ ነው። ክዳኑን ታቅፌ ስመለስ ሰፈሩ በሙሉ በር ላይ ወጥቶ አየኝ።

ምን አንገበገበኝ መሰለሽ? አባባ ለስንቱ ደንበኛ፣ ለእኛም ቁርስና ራት አድርጎ የሚነግረን አንድ ነገር ነበር። አዲሱ ቁልፍ በሩን ሳይከፍት አሮጌውን እንዳትጥሉ። ወንድምሽ ይህን ቃል እየሰማ አድጎ፣ በዚሁ ቃል ከደንበኛ ጋር ሲከራከር እየዋለ፣ በገዛ አባቱ ላይ ሳይሞክር ጣለው። ሲጠየቅም አዲሱን ሲገዙት የድሮው ቤተሰብ አብሮ የሚመጣ መስሎኝ አለ። መሰለኝ! የሞተው ባልሽ፣ የገደለው ወንድምሽ፣ ሐዘንሽ ቅጥ አጣ ከቤትሽም አልወጣ ይባላል፤ እማዬ ላይ ግን ገዳዩ ልጇ ሆኖ አረፈው። ማንን ትርገም? እኔ ግን የማንም እናት አይደለሁም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስቀጣው ነው የከረምኩት። አንድ ጠረጴዛ ላይ ክርን ለክርን እየተጋፋን እንሠራለን፣ ቃል አይወጣኝም። ብሩሹን አቀብዪኝ ካለኝ ለደንበኛው እሰጠዋለሁ፣ ደንበኛው ያቀብለዋል። ሻዩን ቀድሜ ቀድቼ እስኪቀዘቅዝ እጠብቃለሁ። ሰዎች ለውጭ ሥራ ፈልገውት ሲመጡ ያ ሳይሞክር የሚጥለው ባለሙያ ወጥቷል እላቸዋለሁ። የሚወደውን ቀጭን ሞረድ ከመደርደሪያው ኋላ ደብቄበታለሁ። በየቀኑ ይፈልገዋል፤ የደበቅኩት እኔ መሆኔን እያወቀ አይጠይቀኝም። አለመጠየቁ ይበልጥ ያበግነኛል። ቢጮህብኝ ምን ነበረበት? እኔም የምመልስለት ነገር ይኖረኝ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እሱ ግን ረስቶም አይደለም፣ አንገቱን ደፍቶ ይቀበለኛል። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ይበቀሉታል?

በኋላ እማዬ አባታችሁን መልሱልኝ አለች። ቅዱስ ሥራ ነው ብዬ እኔ ተቀመጥኩ፤ እሱን ማውሱን አላስነካሁትም። አዲሱ ጨዋታ ጉድ ነው እታለሜ። መልክ ብቻ አይደለም፣ ጠባይም ይጠይቅሻል። እማዬ ጎኔ ሆና መንጋጋውን አስፊው፣ ግንባሩን አጥብቢው እያለች፣ ጠባዩንም እሷው መረጠች፦ ግትር፣ ነጭናጫ፣ ቤተሰቡን የሚወድ። ቡናማ ሸሚዝ አገኘንለት። ቤቱንም አንድ በር አደረግንለት። ከዚያ ለቀቅነው። ማንም ሳያዘው ተነሳ፣ ቧንቧውን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ መጠገን ጀመረ። እማዬ ሳቀች። ከዚያ ከተረገመ ቀን ወዲህ ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እኔ ግን ሳቋን ሰምቼ አልበረድኩም፤ ያንን ሳቅ የቀማን ማን ሆነና።

እማዬ ጋደም ስትል ከአባባ ቤት ጎን ሌላ ቤት ሠራሁ። አራት ግድግዳ ነው፣ መስኮት የለውም፣ በር የለውም። ውስጡ አንድ ፍሪጅ፣ አንድ ወንበር፣ እግር የሚያስወጣ አጭር አልጋ። ከዚያ ወንድምሽን ሠራሁት። ያንን ጎበጥ ያለ ትከሻውን፣ ያችን ሰፊ ጆሮውን፣ አንድም ነገር አላስቀረሁም። ሆዱ ላይ የሚወጠር ብርቱካናማ ሸሚዝ አለበስኩት። ጠባዩን ሆዳም፣ ፈሪ፣ ችኩል ብዬ ሞላሁ። እንዲሞትማ አልፈለግኩም። እንዲኖር ነው የፈለግኩት፣ እዚያው ውስጥ። ግድግዳውን እየዞረ በር ሲፈልግ ተቀምጬ አየሁት፣ እንደዚያን ቀን ሻይ ጣፍጦኝ አያውቅም። እማዬ ያ ቤት የምን ነው ስትለኝ የዕቃ ማስቀመጫ ነው አልኳት። አልዋሸሁም፣ ለእኔ ዕቃ ነበር።

ምን ይሆናል? አባባ እዚያ ግድግዳ ሥር መቆም ጀመረ። ጠዋት ይነሳል፣ ከቤቱ ይወጣል፣ በቀጥታ ሄዶ ግድግዳው ፊት ይቆማል። ምግቡ ጠረጴዛ ላይ ይበላሻል። ግባና ብላ ብዬ ሳዘው ይገባል፣ ሁለት ጊዜ ይጎርሳል፣ ተመልሶ ይወጣል። የጨዋታው ብልሽት መስሎኝ ከመንገዱ ማዶ ያለውን የኮምፒውተር ጠጋኝ፣ መነጽሩ የምንለውን፣ ጠርቼ አሳየሁት። አይቶ ሳቀብኝ። እዚያ ውስጥ ያለው ልጁ ነው፣ በአዲሱ ጨዋታ ወላጅ ልጁን ካላየ ይፈልገዋል፣ በር ስለሌለ ነው የሚቆመው አለኝ። ለካ ወንድምሽን ስሠራ ጨዋታው ከማን ጋር ይዛመዳል ብሎ ጠይቆኝ ኖሮ፣ እጄ እንደለመደችው የአባባ ልጅ ብላ ሞልታለች። ማንም አይደለም ብዬ ማለፍ እችል ነበር። መነጽሩ ዝምድናውን አሁንም መሰረዝ ትችያለሽ፣ አንዴ መጫን ነው አለኝ። ጣቴን ማውሱ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ፣ ተቀመጥኩና ሻዩ ፈላ ብዬ ተነሳሁ። ሻይ አልጣድኩም ነበር።

አንቺ የደወልሽው በዚያው ሳምንት ነው። ስትሄጂ የአባባን ቤት በዲስክ ገልብጠሽ ይዘሽው እንደሄድሽ፣ እስከ ዛሬ ከልጆቹ የክትባት ካርድ ጋር አስቀምጠሽው እንደኖርሽ ስትነግሪኝ፣ ሳይደግስ አይጣላም አልኩ። ይቅር በዪኝና መጀመሪያ ያሰብኩት ግን አባባን አይደለም። መጀመሪያ ያሰብኩት፣ በአሮጌው ጨዋታ ካልታዘዘ በቀር ማንም ማንንም አይፈልግም የሚለውን ነው። አባባ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ወንድምሽ እዚያም በምሠራለት ቤት ተዘግቶበት ይከርማል፣ አንድ ሰው እንኳ ወዴት ሄደ አይልም። እሰይ አልኩ። እውነቴን ነው፣ ጮክ ብዬ እሰይ አልኩ፣ ቁልፍ ሊያስቀርጽ የቆመ ደንበኛ ደነገጠ።

ሮጬ መነጽሩ ዘንድ ሄድኩ። አሮጌው በዚህ አዲስ ማሽን ላይ እንዲህ በቀላሉ አይሄድም፣ ፎርማት ተደርጎ የድሮው ሲስተም መጫን አለበት፣ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ የዲስኩም ነገር ካረጀ ላይከፍት ይችላል፣ ምረጪ አለኝ። ምርጫማ ምን አለው፣ አጥፋው አልኩት። ዲስኩ እስኪደርስ ማሽኑን አምጪና ላዘጋጀው አለኝ። ልሸከመው ወደ ሱቅ ስመለስ እማዬ ፊቱ ተቀምጣለች።

ጨዋታው ውስጥ ዝናብ ይዘንባል። አባባ በዚያ ቡናማ ሸሚዝ ግድግዳው ሥር ቆሟል፣ ውሃው በትከሻው ይወርዳል። እማዬ ቀና ብላ ሳታየኝ ዝናብ መታው አለች። ከዚያ የድሮው ጥሩ ሰው ነበር አለችኝ፣ ቁጭ በል ሲሉት ቁጭ የሚል፤ ግን አባትሽ በዕድሜው የታዘዘውን ሠርቶ ያውቃል ወይ፣ ይሄኛው ነው እሱን የሚመስለው አለች። ቀጥላ፣ ያ የዕቃ ቤት ውስጥ ምን አስቀምጠሽበት ነው እንዲህ የሚንከራተተው ብላ ጠየቀችኝ።

በዚህ መሃል ወንድምሽ የደንበኛ መኪና በር ከፍቶ ሲመለስ ቦርሳውን እንደያዘ ከኋላችን ቆመ። ግድግዳውን አየ፣ አባባን አየ፣ እኔን አየ። ቁልፍ ሠሪ ነው፣ በር የሌለው ቤት ሲያይ ለምን እንደሆነ አይጠፋውም። ይህችን ሰዓት ስንት ቀን እንደጠበቅኳት! አዎ፣ አንተ ነህ እዚያ ውስጥ ያለኸው አልኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ ለእሱ ያወራሁት የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው። ዓይኑ እስኪቀላ ጠበቅኩ፣ አፉን ከፍቶ እስኪለምነኝ ጠበቅኩ። አባባ በልቷል ወይ ብሎ ብቻ ጠየቀ። አልበላም አለችው እማዬ። እሺ አለና ቦርሳውን አስቀምጦ የሱቁን መዝጊያ ሊያወርድ ሄደ።

ደሜ ፈላ እታለም። በቀሌን እንኳ በወጉ እንድወጣ አይተወኝም። ማሽኑን ልሸከም እጄን ሰደድኩ፣ ዝናቡ ውስጥ ያለውን ሰው ሳይ ግን እጄ ቆመች። ምን ልሠራ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። አንቺ ዘንድ ያለው ዲስክ ይክፈት አይክፈት ሳላውቅ፣ ቆሞ የሚጠብቀውን አባባን ላጠፋው ነው። ወንድምሽ ሳያውቅ ያደረገውን እኔ እያወቅኩ።

ስለዚህ በር ሠራሁ። አንድ በር። ግን ይቅርታ እንዳይመስልሽ፤ ቆለፍኩት። በአዲሱ ጨዋታ መግባት የሚፈቀድለትን መምረጥ ይቻላል፤ ለአባባ ብቻ ፈቀድኩ። አባባ ይግባ፣ ይየው፣ ይውጣ፤ ያኛው እዚያው ይክረም ብዬ። አባባ ገባ። ገባና አልወጣም። ያችን አንድ ወንበር ያዘ፣ ከፍሪጁ በላ፣ አጭሩ አልጋ ላይ እግሩን አስወጥቶ አንኮራፋ። ያ ብርቱካናማው ደግሞ ሆዳም ነው ብዬ ሠርቼው ሳለ ምግቡን ለአባባ አቅርቦ እሱ ቆሞ ያያል። በአባባ ቤት ወንበሩ ባዶ ሆነ። እማዬ ባዶውን ወንበር ስታይ ትውልና፣ አባትሽ ጠፋ እኮ ትለኛለች። አሳሪዋ እኔ፣ እማዬን አባባን ያሳጣኋትም እኔ ሆኜ አረፍኩት።

ዛሬ ከሰዓት ደንበኛ ሲቀል ቁልፉን አነሳሁለት። ሁለቱም ወጡ፣ አባባ ከፊት ያኛው ከኋላ። አባባ ወንበሩ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ያኛው ምንጣፉ ላይ፣ እግሩ ሥር ቁጭ አለ። ተነስ አላልኩትም። ብርቱካናማውን ሸሚዝ ግን አላወለቅኩለትም፣ አላወልቅለትምም፤ ሆዱ ላይ ሲወጠር ይታየው።

እንግዲህ ቁርጡ ይኸው ነው፤ አዲሱ ይቆይ። ዲስኩን ግን እንዳትጥዪው፣ ከክትባት ካርዱም አታውጪው። አባባ እንዳለው ነው። አዲሱ በሩን መክፈቱን ገና አላመንኩትም። ዲስክ መኖሩንም ለወንድምሽ እንዳትነግሪው። አባባን ለዘላለም አጠፋሁት ብሎ ትንሽ ይቃጠልልኝ፤ የቀረችኝ በቀል እሷ ናት፣ አትንጠቂኝ። ሲበቃኝ እኔው እነግረዋለሁ።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፣ ወገቡ ላይ ሙቅ ጨርቅ አድርጊለት። ትልቋን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ አዲሱ ጥርሷ ሲበቅል ፎቶ ትላክልኝ። ለትንሹ ምላሱን እቆርጠዋለሁ ብላለች በዪው፣ ከዚያ ደግመሽ ሳሚው። እማዬ ሁለት ጉንጭሽን ስማ፣ ሳልሽን ቸል እንዳትዪ፣ ደረትሽን ሸፍነሽ ውጪ ብላለች። መነጽሩም እህትሽ ታስታውሰኛለች ወይ እያለ ይጠይቃል፤ ባል አላት ብዬዋለሁ፣ አልሰማም። ወንድማችንም ሰላም ብሎሻል። ሞረዱን አልመለስኩለትም። ሱቁን ሲዘጋ ግን ማውሱን ለቀቅኩለት፤ ዛሬ አባባን ያስተኛው እሱ ነው።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ

ከሱቁ ጓዳ፣ ከቁልፍ መቅረጫው ማሽን ጎን
ሐሙስ፣ የካቲት ሃያ